የሹማምንትን ንግግር በመኪና ቃና እየለወጡ ስለ መሳቅ

ሰው በቃል ብቻ አይናገርም፤ ቃሉን በሚያወጣበት ቃናም ይናገራል። «እሺ» ሁለት ፊደል ያላት ትንሽ ቃል ናት። ነገር ግን ታዛዥ ልጅ ለአባቱ የሚላት «እሺ»፣ ባለዕዳ አበዳሪውን ለመሸኘት የሚላት «እሺ»፣ የተቆጣ ሰው ጥርሱን ነክሶ የሚላት «እሺ» ሦስት ልዩ ልዩ ነገር ናቸው። «ጎበዝ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ መምህር ለትጉህ ተማሪው ሲለው ምስጋና ይሆናል፤ እንስራ ለሰበረ ልጅ ሲባል ግን ተግሣጽ ነው። ፊደሉ ሳይለወጥ ፍቺውን የሚለውጠው ቃናው ነው። ስለዚህ የሰውን ቃል ሳይነካ ቃናውን ብቻ የለወጠ ሰው ትንሽ ነገር አደረገ ሊባል አይቻልም።

ዛሬ ይህን ሥራ ማንኛውም ወጣት በኪሱ በያዘው ስልክ ሊሠራው ይችላል። ሶፍትዌር የሚባለው፣ ኮምፒዩተሩን ወይም ስልኩን እንዲህ አድርግ እያለ የሚያዝዘው የሥራ ሥርዓት፣ የባለሥልጣኑን ንግግር ወስዶ ዘፈን ያደርገዋል፤ ድምፁን ያቀጥነዋል ወይም ያወፍረዋል፤ ያጣድፈዋል ወይም ያንቀራፍፈዋል። ወጣቶችም እየተቀባበሉ ይስቁበታል። ሽማግሌ ስለ ወጣቶች ሳቅ ብዕር ሲያነሣ ሊከለክል ነው ተብሎ ይጠረጠራል። የእኔ አሳብ ግን ሌላ ነው። ማናቸውም ጥበብ ተመዝኖ ጥሩው ከመጥፎው እንደሚለይ፣ ይህም አዲስ ጥበብ ይመዘን ብዬ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭውን ሀገር ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የሀገራችንን ደግሞ በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ።

ቃና ፍቺን እንደሚለውጥ የሀገራችን ሰው ከባሕር ማዶ አልተማረም። እኔ የምኖርባት የደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ናት። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ካህናቱ ሲያዜሙ ቆሞ ላለመስማት የሚችል ጆሮ የለኝም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በሦስት ይከፈላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላል። ግዕዝ ርቱዕና ጽኑ ነው፤ ዕዝል ክብደትና ኀዘን አለበት፤ አራራይ ስሙ እንደሚናገረው ልብን ያራራል። ሊቃውንቱ ለየበዓሉና ለየወቅቱ ዜማውን መርጠው የሚያዜሙት ያንኑ ቃል በሌላ ዜማ ቢሉት በሰሚው ልብ ላይ የሚያደርሰው ነገር ሌላ እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው።

ከጣና በስተምሥራቅ ከፎገራ የወጡት አለቃ ገብረ ሐና ደግሞ ለዚህ ነገር የተለዩ ምስክር ናቸው። ሕዝብ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው፤ በመኳንንትና በካህናት ላይ የተናገሩት ጨዋታ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይነገራል። ነገር ግን እኒሁ ሰው የተክሌ አቋቋም የሚባለውን፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የታወቀውን የዝማሜ ሥርዓት ያወጡ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ሥርዓቱንም ያወጡት የጣናን ውሃና የዳሩን ደንገል መወዛወዝ ተመልክተው ነው ይባላል። ቀልደኛውና የዜማው ሊቅ አንድ ሰው መሆኑ ትምህርት ይሰጠናል። በቃና መቀለድ የሚያምርበት ቃናን አጥንቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከአለቃ ገብረ ሐና ቀጥሎ መታሰብ ያለበት አዝማሪ ነው። አዝማሪ በማሲንቆው እየታጀበ ጌታውን ፊት ለፊት ያወድሰዋል፤ በሰሙ እያወደሰም በወርቁ ይወጋዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰሙም ወርቁም በዚያው ቃል ውስጥ ስላሉ ሰሚው አስቦ ሊደርስበት ይችላል። ሁለተኛ፣ አዝማሪው ፊቱን ሳይሸፍን ስለሚቆም ለተናገረው ነገር ራሱ ዋስ ነው። ይህም ዋስትና ቀላል አልነበረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች፣ ተራኪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙ በታሪክ ተጽፏል። መድፍና አይሮፕላን የነበረው ገዢ ከማሲንቆ ይህን ያህል መፍራቱ፣ በሹም ላይ የሚቀርብ ዜማ ምን ኀይል እንዳለው ያሳያል።

በንግግር ላይ መቀለድ ሁልጊዜ በጥበብ ብቻ አልተሠራም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለመናገር ሲቆሙ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩና እየጮኹ ንግግሩን መሳለቂያ ሊያደርጉት ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጥታው እስኪመለስ ታግሠው በአማርኛ ተናገሩ። የፉጨቱን ሰዎች ስም ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚህ የምንማረው እውነት ያለበት ቃል በላዩ ቢፎጨበትም እንደማይሞት ነው።

ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ እንግሊዞች በሂትለር ላይ ያደረጉት ከፉጨት የተሻለ ነበር። ቻርልስ ሪድሊ የተባለ ሰው የናዚዎችን የ1934 የኑርንበርግ ሰልፍ የሚያሳየውን ፊልም ወስዶ፣ ወታደሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲመላለሱ አድርጎ ቆራርጦ ቀጠለው፤ በዚያን ጊዜ በለንደን በታወቀ የጭፈራ ዜማም አስጨፈራቸው። በ1942 በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ሕዝቡ የሚያስፈራው ሠራዊት እንደ አሻንጉሊት ሲዘል አይቶ ሳቀ። ይህን ሥራ ያየ ማንም ሰው ሂትለር በእውነት ጨፍሯል ብሎ አልተታለለም። የሠሪው ብልሃትም ፊልሙ የደበቀውን ነገር መግለጡ ነው፤ በልክ የሚራመድ እልፍ ሰው ከጭፈራ የሚለየው በጥቂቱ ብቻ መሆኑን አሳየ።

አሁን ደግሞ ወደ መኪናው እንምጣ። አንዲ ሂልድብራንድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለነዳጅ ዘይት ፍለጋ የሚጠቅም የሒሳብ ሥራ ይሠራ ነበር። ይኸውም ወደ ምድር ውስጥ ንዝረት ይላክና፣ ተመልሶ የሚመጣው ማሚቶ በሒሳብ ሲመረመር ከመሬት በታች ያለው ዐለት እንዴት እንደ ተነባበረ ይታወቃል። ሂልድብራንድ ይህንኑ ዓይነት ሒሳብ ወደ ሰው ድምፅ መልሶ በ1997 አውቶቲውን የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ፤ የታሰበውም ዘፋኝ ዜማ ሲስት ለማረም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲናገር በጉሮሮው ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይርገበገባሉ፤ በአዋቂ ወንድ በአንድ ሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ወደ 200 ጊዜ ያህል ነው። ሶፍትዌሩ የድምፁን ሞገድ ከራሱ ጋር ጥቂት በጥቂት እያሸሸ ያስተያየዋል፤ ሞገዱ በምን ያህል ጊዜ ራሱን እንደሚደግም ሲያገኝ ድምፁ ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም እንደ ሆነ ያውቃል። ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለው የዜማ ድምፅ ይስበዋል። የትኞቹ ድምፆች እንዲፈቀዱ የሚመርጠው ሠሪው ስለሆነ፣ አምስት ድምፅ ብቻ መርጦ አንድን ንግግር ወደ ትዝታ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት ማምጣት ይችላል። የበጀት ንግግር በትዝታ ቅኝት ሲሰማ፣ ገንዘቡ ድሮ ሄዶ የቀረና አሁን የሚናፈቅ ይመስላል።

በ2009 የግሪጎሪ ወንድማማቾች የሚባሉ የኒውዮርክ ሙዚቀኞች በዚህ ሶፍትዌር የአሜሪካን የምክር ቤት አባሎችና የዜና አንባቢዎች ንግግር ወደ ዘፈን እየለወጡ ያወጡ ጀመር። ሥራቸው ጥሩ በሆነበት ቦታ ጥሩ የሆነው በንግግሩ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ዜማ ስላወጡት ነው። ማንም ተናጋሪ ሳያውቀው ያዜማልና፤ አንዱን ቃል ይደጋግማል፤ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጭብጨባ ይጠብቃል። ሙዚቀኛው ይህን አጉልቶ ሲያሳየን፣ ልባችንን ነክቶት የነበረው አሳቡ ነው ወይስ ዜማው ነው ብለን ራሳችንን እንድንጠይቅ ያደርገናል። ይህ የአስተማሪ ሥራ ነው። ሥራቸው ደካማ በሆነበት ቦታ ግን ለሁሉም ተናጋሪ ያንኑ ዜማ ያለብሳሉ፤ ብልኁና ሞኙ፣ እውነተኛውና አታላዩ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለመምረጥ ምክንያት አይኖርም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በአፍሪካ ላይ የተደረገው ነው። የካቲት ወር በ2011 ሕዝቡ በተነሣበት ጊዜ የሊቢያው መሪ ሙአመር ጋዳፊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ተቃዋሚዎቹን ቤት ለቤት፣ ስንዝር በስንዝር፣ ጠባብ መንገድ ሳይቀር እያሰሰ እንደሚያጠፋቸው ዛተ። ጠባቡን መንገድ «ዘንጋ» ብሎ ደጋግሞ ጠራው። ኖይ አሉሼ የተባለ የእስራኤል ጋዜጠኛና ሙዚቀኛ ንግግሩን በሶፍትዌር ወደ ዘፈን ለውጦ «ዘንጋ ዘንጋ» ብሎ በኢንተርኔት አወጣው። ከጥቂት ቀን በኋላ በዐረብ ሀገር ሁሉ ወጣቶች ይጨፍሩበት ነበር፤ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ሲያውቁ ቅር ያላቸውም ነበሩ።

ይህን ሥራ በሁለት ሚዛን መመዘን ይገባል። በአንደኛው ሚዛን ታላቅ ሥራ ነው፤ አርባ ዓመት በላይ የተፈራን ሰው ፍርሃቱን ገፈፈው፤ ቃሉንም አልጨመረበትም፤ የዛተውን ራሱን መልሶ አሰማው። በሁለተኛው ሚዛን ግን አንድ አደጋ አለበት። ዛቻው ቀልድ አልነበረም። በቤንጋዚ ያለች እናት «ቤት ለቤት» የሚለውን ስትሰማ የራስዋን ደጃፍ ታስባለች፤ በሩቅ ሀገር ያለ ወጣት ግን ዜማውን ብቻ ይዞ ይወዛወዛል። አንዱና ያው ዘፈን ለቅርቡ ሰው ድፍረት፣ ለሩቁ ሰው ደግሞ መርሳት ሆነ። እናንተ ወጣቶች በሌላ ሀገር መሪ ንግግር ስትስቁ፣ በዚያ ንግግር ውስጥ ደጃፉ የተጠራበት ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠይቁ።

ወደ ቋንቋችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ሀገር እምብዛም የሌለ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላት ፍቺ ይለውጣል፤ ጽሕፈታችን ግን ይህን አያሳይም። «ሕዝቡ ይሰማል» ብለን እንጻፍ። ላልቶ ሲነበብ ሕዝቡ የሌላውን ንግግር ያዳምጣል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሕዝቡ ራሱ ይደመጣል ማለት ይሆናል። «ገበሬው ይበላል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አላልተው ሲሉት ገበሬው ጠገበ፤ አጥብቀው ሲሉት ገበሬው ራሱ ተበላ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድምፆች ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ረዘም ወይም አጠር ማለታቸው ብቻ ነው። የንግግርን አንድ ስፍራ ለይቶ መሳብና ማሳጠር ደግሞ ለዛሬው ሶፍትዌር እጅግ ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚቀልድ ሰው «እኔ ቃናውን እንጂ ቃሉን አልነካሁም» ለማለት ከፈረንጁ ይልቅ ይከብደዋል። የሚበላውን የሚበላ ሳይሆን የሚበላበት አድርጎ ካቀረበው፣ ቃና ለወጠ አይባልም፤ ሰውየው ያላለውን አስባለው።

በዚህም ወደ ክፉው ወገን ደረስን። በ2019 በግንቦት ወር በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት የናንሲ ፔሎሲ ንግግር ከፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ ዝቅ ተደርጎ በፌስቡክ ተሠራጨ። ቀድሞ በቴፕ ዘመን ድምፅን ማንቀራፈፍ ድምፁን ስለሚያወፍረው ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ በዛሬው ሶፍትዌር ግን የቀሰሰው ድምፅ ቅጥነቱ ተመልሶ ስለሚስተካከል ለጆሮ የተፈጥሮ ይመስላል። የሰማው ሕዝብም ሴትዮዋ ሰክረዋል አለ። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድም ቃል አልተጨመረም፤ አንድም አልተቀነሰም። ቢሆንም ከሂትለር ጭፈራና ከጋዳፊ ዘፈን እጅግ የከፋ ነው፤ እነዚያ ቀልድ መሆናቸውን በግልጽ ሲናገሩ ይህ ግን ቀልድነቱን ደብቆ እንደ ምስክር ቀረበ። ቀልድና ሐሰት የሚለያዩበት ወሰን ይህ ነው።

በጎረቤታችን በሱዳን ያየነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2023 አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ፣ ከ2019 ጀምሮ ከሥልጣን የወረዱት የዑመር አልበሽር ድምፅ ነው የተባለ ንግግር በቲክቶክ ይወጣ ነበር፤ ብዙ ሰውም ሰማው። የቢቢሲ ጋዜጠኞች ሲመረምሩት ከሌላ ተናጋሪ ንግግር ጋር መግጠሙን ደረሱበት፤ የሌላው ሰው ቃል በመኪና ወደ አልበሽር ድምፅ ተለውጦ የቀረበ ነበር። በሀገራችንም በ2013 ዓ.ም. ከሰኔው ምርጫ ቀደም ብሎ በምስጢር የተቀዳ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግር ነው የተባለ ድምፅ ተሠራጭቶ፣ ጽሕፈት ቤታቸው ከልዩ ልዩ ንግግር ተቆራርጦ የተቀጠለ ሐሰት ነው ሲል አስታውቆ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ ተራ ዜጋ ሁኔታ ምን እንደ ነበረ አስቡ። አንዱ እውነት ነው ይለዋል፤ ሌላው ሐሰት ነው ይለዋል፤ እርሱ ግን በእጁ ያለው ጆሮው ብቻ ነው፤ ጆሮው ደግሞ ከእንግዲህ በቂ ዳኛ አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ሁለት ነው። ያልተባለው እንደ ተባለ ይታመናል፤ ከዚያም አልፎ በእውነት የተባለውን ተናጋሪው «ይህ በመኪና የተሠራ ነው» ብሎ ሊክደው መንገድ ያገኛል።

ሕጋችንም ይህን ወሰን ለማመልከት ሞክሯል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰት መሆኑ እየታወቀ የሚሠራጭንና ሁከት ሊያስነሣ የሚችልን ንግግር ሲከለክል፣ የሥነ ጥበብ ፈጠራንና የፖለቲካ ትችትን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከተሠራጨ በኋላ ነው፤ በአንዲት የስልክ ንክኪ ነገሩን ለሺህ ሰው ከማስተላለፉ በፊት ሊፈርድ የሚችለው የባለስልኩ ኅሊና ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚያታልለው ቀልድ ነው። አሁን ደግሞ ማንንም ስለማያታልለው፣ ንጹሕ ስለሚመስለው ሳቅ ልናገር፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነውና።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከደቅ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ጀልባ ላይ አራት ወጣቶች ከጎኔ ተቀምጠው በስልካቸው ወደ ዘፈን የተለወጠ የአንድ ባለሥልጣን ንግግር እየደጋገሙ ይሰሙ ነበር። ሠሪው የባለሥልጣኑን መንተባተብ ለይቶ አውጥቶ፣ «እ… እ…» የሚለውን አዝማች አድርጎ በከበሮ መታው። በእውነት ያስቃል፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያም ንግግሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ምን አለ እኮ ጋሼ፣ ዜማው ነው እንጂ!» አሉኝ። ዋናውን ንግግር ፈልገው እንዲያሰሙኝ ለመንኋቸው፤ አሰሙኝም። የሚናገረው ስለ እምቦጭ አረም ነበር። እምቦጭ ጣናን ከወረረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የወጣበት የአንድ ወር ዘመቻ ተደርጎበት ነበር፤ እስከ ዛሬም ነቅሎ የጨረሰው የለም። በዚያ ንግግር ውስጥ ባለሥልጣኑ አንድ ነገር በዚህ ቀን ይፈጸማል ብሎ ቀን ቆርጦ ነበር። ቀኑ አልፏል። ከአራቱ አንዱ፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነው፣ ሳቁን አቁሞ «ታዲያ የታለ?» አለ።

በእኔ ግምት ከዚያ ቀን ሳቅ ሁሉ ይህች ጥያቄ ትበልጣለች። ዘፈኑንም እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ስመዝነው ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ከረጅም ንግግር ውስጥ የሚቆርጠውን መምረጥ ነበረበት፤ ቀን የተቆረጠበትን ተስፋ ጥሎ መንተባተቡን መረጠ። መንተባተብ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ ከድኻም ከባለጸጋም አፍ ይገኛል፤ በእርሱ መሳቅ በሰውየው አፍ መሳቅ ነው። ያልተፈጸመ ተስፋ ግን የሹም ሥራ ነው፤ በእርሱ መሳቅ ፍርድ ነው። ባለሥልጣኑ ራሱ ይህን ዘፈን ቢሰማ ጥቂት ያፍር ይሆናል፤ በልቡ ግን «ስለ ቀኑ ማንም አልጠየቀኝም» ብሎ ያርፋል። ሰውን እያዋረዱ ሥራውን ማስረሳት ለሹሙ ውለታ መዋል ነው።

አንዳንድ ሰው «ሹማምንቱ በክብር የተናገሩትን መለወጥ ነውር ነው» ይለኛል። ለዚህ የምመልሰው አለኝ። ቃና ያልተቀባ የመንግሥት ንግግር ከቶ የለም። በደርግ ዘመን ያደግን ሰዎች አዋጅ ከመነበቡ በፊት በሬዲዮ የሰልፍ ሙዚቃ ሲመታ እናስታውሳለን፤ ልባችን ቃሉን ሳይሰማ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬም ንግግር በቴሌቪዥን ሲቀርብ ከሥሩ ክራርና ዋሽንት ይገባበታል፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ ይታያል፤ ጭብጨባው ይረዝማል። ይህም በመኪና ቃና መለወጥ ነው፤ ልዩነቱ ለማስከበር መደረጉ ብቻ ነው። ለማስከበር መለወጥ የተፈቀደ ከሆነ ለማሳቅ መለወጥ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም ግን ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት አለባቸው፤ ከሙዚቃው በታች ያለው ቃል ምን ነበር?

ስለዚህ እናንተ ወጣት አንባቢዎች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲደርሳችሁ በሦስት ነገር መዝኑት። አንደኛ፣ ተናጋሪው ያላለውን አስብሎታል ወይ? ቃል ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ላልቶ ወይም ጠብቆ ፍቺው ተለውጦ እንደ ሆነ መርምሩ። ሁለተኛ፣ ቀልድ መሆኑን በግልጽ ይናገራል ወይ? ሠሪውስ እንደ አዝማሪ ፊቱን ያሳያል ወይስ ተደብቆ ይወረውራል? ሦስተኛ፣ ከሳቃችሁ በኋላ ስለ ነገሩ ያላችሁ ዕውቀት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከሦስቱ በአንዱ የወደቀውን ለሌላ ሰው አታስተላልፉ።

ከእናንተ መካከል ይህን ጥበብ የሚሠራ ካለ ደግሞ ለእርሱ ልዩ ምክር አለኝ። ሶፍትዌሩን ከመክፈትህ በፊት ንግግሩን በወረቀት ላይ ገልብጠው። በወረቀት ላይ ቃና የለም፤ ጭብጨባም መንተባተብም የለም። የተባለውን ነገር፣ የተቆረጠውን ቀን፣ የተጠራውን የገንዘብ መጠን አስምርበት። ከዚያ በኋላ አዝማችህን ከተሰመረበት ምረጥ። በትዝታ ብታዜመው ያልመጣው ነገር ይናፈቅ፤ በሌላ ቅኝት ብታዜመውም ሰዉ ዘፈኑን ሲያንጎራጉር ቀኑን አብሮ ያንጎራጉር። ባለሥልጣኑ ወደ ገበያ ሲወጣ ልጆች መንተባተቡን ሳይሆን የቆረጠውን ቀን እየዘፈኑ ቢቀበሉት፣ ሳቁ ለሀገር አንድ ቀን የመንገድ ሥራ ያህል ይጠቅማል።

እስከዚያው ሳቁ፤ ሳቅ አይከለከልም። ዘፈኑን ስትቀባበሉ ግን ዋናውን ንግግር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ምን እንደ ተባለና ቀኑ መቼ እንደ ሆነም በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ቀኑ ሲደርስ «የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።